አጥሩ ጋ የቆመው ሰው

መምህር ወልደገብርኤል ስለ ይቅርታ ሲሰብክ ነገሌ ቦረና ታለቅሳለች ይባል ነበር። በዚያ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ «ከወንድምህ ሳትታረቅ መባ ይዘህ አትምጣ! ዛሬውኑ ሂድ፣ በሩን አንኳኳ!» ሲል፣ የከተማው ጦር ሰፈር ወታደሮች ሚስቶች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ዲንኪቱ ቤቱ መጣች። ከሩቋ ደጋ ከቦሬ ገብስ እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት።

«ናጋ፣ ሰላም ነዎት መምህር? እሑድ ቦሬ አየሁዎት እኮ። ሰላም ብልዎት ዘጉኝ።»

«እሑድ? እሑድማ እዚሁ ስሰብክ ነው የዋልኩት።»

«ኧረ ከጋሽ አምሀ አጥር ጋ ቆመው ነበር! በባዶ እግርዎ፣ ዝናቡ እየወረደብዎት።»

አምሀ ታላቅ ወንድሙ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዘቢባ የምትባል ሙስሊም ሲያገባ፣ ወልደገብርኤል በሽማግሌዎች ፊት ተነስቶ «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» ብሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዘቢባ ሞተች። ለቅሶ ድረስ ቢሉት አሻፈረኝ አለ።

ዲንኪቱን ስቆ ሸኛት። ወዲያው ግን እግሩን በረደው። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮ ያቀልጣል፤ የእሱ እግር ጭቃ የረገጠ ያህል ይቀዘቅዛል። ካልሲውን አውልቆ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቅዝቃዜው ጉልበቱ ደርሶ ስለነበር፣ በቦሬ በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ ተሳፈረ።

ቦሬ በጭጋግ ተሸፍና ጠበቀችው። አምሀ በሩን ከፈተ። ፀጉሩ ሸብቷል። ወንድሙን ሲያይ አልደነገጠም።

«ዛሬስ ጫማ አድርገሃል» አለው።

«ምን ማለትህ ነው ጋሼ?»

«ዘቢባን ከቀበርኩ ጀምሮ እሑድ እሑድ ትመጣለህ። አጥሩ ጋ ትቆማለህ። ግባ ስልህ አትገባም። መጀመሪያ ፈርቼህ ነበር፤ ኋላ አሳዘንከኝና ወንበር አወጣልህ ጀመር።»

ወልደገብርኤል ዞሮ አየ። ከአጥሩ ሥር ዝናብ ያጠቆረው ወንበር አለ። ከፊቱ ጭቃው ላይ የባዶ እግር ዱካ ታትሟል። የእሱ የግራ እግር አውራ ጣት በልጅነቱ በመጥረቢያ ተቆርጧል። በግራው ዱካ ላይም የአውራ ጣት ምልክት የለም።

ከወንድሙ እግር ሥር ተንበረከከ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

አምሀ ደግፎ አነሳው። «እዚያ የሚቆመውን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። እሱ ግን መቃብሯ ድረስ አንድም ቀን አልሄደም። ና፣ እንሂድ።»

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ወልደገብርኤል ድንጋዩ ፊት ቆመና አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቃል ጠፍቶት የማያውቅ ሰው፣ አንዲት ቃል አጣ። በሕይወት ሳለች «ያቺ ሴት» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«ዘቢባ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሰባኪ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ያደረገባትን፣ ያስወራባትን፣ በሞቷ ዕለት እንኳ «ተገላገልኩ» ማለቱን ሳይቀር አንድ በአንድ ነገራት። አምሀ ይህን የመጨረሻውን አያውቅም ነበር። ፊቱን አዙሮ መቃብሩ ላይ የበቀለውን አረም መንቀል ጀመረ።

«ይህንን ዛሬ ይቅር ልልህ አልችልም» አለው ኋላ። «ግን መሽቶብህ አትሄድም፤ ቤት ግባ።»

በሚቀጥለው እሑድ ነገሌ ላይ ሌላ ሰባኪ ቆመ። ወልደገብርኤል ቦሬ፣ ወንድሙ ቤት መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ዘቢባ ምን ያስቃት እንደነበር አምሀ ሲነግረው ያዳምጥ ነበር።