የኮርዴል ቲብስ ምስክርነት

አራተኛው ቡድን ኮርዴል ቲብስን ያሰናበተው ቀን የቤል ፎርክ ሰው በሙሉ «ድሮም ብዬ ነበር» አለ። ማንም አላለም። እንዲያውም በከተማችን መግቢያ ላይ «የኮርዴል ቲብስ አገር» የሚለውን ሰሌዳ ያቆሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሰሌዳው ዛሬም አለ። መሰላል የሚያመጣ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም።

በእኛ በአሜሪካኖቹ ፉትቦል የኮርዴል ሥራ ኳሷን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ መሮጥ ነው። ከፊቱ የቆሙት ግዙፋን ሥራ ደግሞ እሱን መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። ሁለቱም ወገን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የጉልበቱን ስፌት አላባማ ውስጥ ያላየው ሰው የለም። የሚጎዳበት መንገድ ግን ሁሌም አንድ ነበር። ዳር ደርሶ መስመሩን አንድ እርምጃ ቢሻገር ጨዋታው ይቆማል፣ ማንም አይነካውም። አሠልጣኞቹ ሁሉ «ውጣ! ውጣ!» እያሉ ድምፃቸው ዘግቷል። እሱ ተመልካቹ ሲጮህ ከሰማ አይወጣም። ግዙፋኑ ወደሚጠብቁት ወደ መሃል ይመለሳል። ከዚያ ቃሬዛ ይመጣል። ተመልካቹ ለቃሬዛው ያጨበጭባል፤ ኮርዴልም ተጋድሞ እጁን ያውለበልባል።

ያን በጋ እናቱ ቤት ተቀምጦ አዲስ ቡድን ይጠብቅ ነበር። ወኪሉ በደወለ ቁጥር «ብዙ ቡድኖች ስለ አንተ እየጠየቁ ነው» ይለዋል። የሚጠይቁት አሁንም በእግሩ ይሄዳል ወይ ብለው እንደሆነ አልነገረውም። እናቱ ሚስ ኦዜላ ዕድሜዋን ሙሉ በዶሮ ፋብሪካው ዶሮ ስትበልት የኖረች ሴት ናት፤ ወሬ አታስረዝምም።

«ቡድኖቹ ልምምድ እስኪጀምሩ ካላገኘህ፣ ከእኔ ጋር ፋብሪካ ትገባለህ» አለችው።

«እማ፣ እኔ እኮ ኮርዴል ቲብስ ነኝ!»

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ዶሮዎቹ ግን አያውቁህም።»

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ቤቴም ከነሱ ቤት ፊት ለፊት ነው። ኮርዴል ጠዋት ጠዋት የበረንዳውን ደረጃ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሲወርድ አያለሁ። እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ እሱም እንዳልወረደ ይሆናል። ጉርብትና ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ አንድ ቡድን ከሰሜን ተጫዋች መልማይ ላከ። ሚስተር ሃልቮርሰን የሚባሉ ቀጭን ነጭ ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ከሳቸው ይበልጥ ይናገራል። አርብ ዕለት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኮርዴልን አስሮጡት። ሮጠ። እውነት ለመናገር አምሮ ሮጠ። ሽማግሌው ከዚያ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን ዞሩት። ጥርሱን ብቻ ነው ያላዩት።

«ከጉልበትህ ሌላ የሚያምህ ነገር አለ?»

«ምንም የለም ጌታዬ።»

«ትከሻህስ?»

«ብረት ነው።»

«ጀርባህ?»

«እንደ ሕፃን ነኝ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ሰኞ አብረን እንበራለን። ልብስህን ሸክፍ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኮርዴል ዛሬ ሰሜን ውስጥ በደህና እየተሰበረ ነበር። ግን እኛ ዘንድ እሁድን የሚያድር እንግዳ ቤተ ክርስቲያን ሳይጋበዝ አይቀርም። ሚስ ኦዜላ ጋበዘቻቸው፣ ከአምልኮው በኋላ የተጠበሰ አሳ መኖሩንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ለአሳው ሲሉ እሺ አሉ።

እሁድ እሁድ በገለዓድ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ጓንት አጥልቄ ሰው የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሚስተር ሃልቮርሰንን የኋላው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸውና ሙቀት ስለነበር የወረቀት ማራገቢያ ሰጠኋቸው። ማራገቢያዎቹን የሚያድለን የከተማው ቀባሪ ድርጅት ነው። በአንድ ፊቱ የኮርዴል ፎቶ ከደጉ ዘመን፣ በጀርባው «በክብር እንሸኝዎታለን» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለ። ሽማግሌው አንዴ ፊቱን፣ አንዴ ጀርባውን አዩት።

የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። በገለዓድ ምስክርነት ያልተጻፈ ደንብ አለው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብሎ የሚቀመጥ ሰው «አሜን» የሚለው አያገኝም። መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለብህ፤ ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ጩኸቱ ይደምቃል። ዲያቆን ሃስኬት የሐሞት ጠጠሩን ሲመሰክር ስንት ዓመቱ ነው፤ ድሮ ባቄላ ያህል ነበረች፣ ባለፈው ፋሲካ ሎሚ አክላለች።

ፓስተር ፔቲግሩ «ጌታ ያደረገለት ሰው አለ?» ሲሉ ሚስ ኦዜላ የልጇን ኮት ጫፍ ጨበጠች። ኮርዴል ተነሣ።

«አርብ ዕለት ሮጫለሁ፣ ጌታ ይመስገን» አለ።

«አሜን» አለ ጉባኤው፣ ጨው እንደሌለው ወጥ።

ያኔ ቢቀመጥ ኖሮ መስመሩን በሰላም ተሻግሮ ነበር። ግን የአሜኑን ቅጥነት ሰማ።

«ከየት እንዳነሣኝ ግን አታውቁም!» አለ።

«ንገረን እንጂ!» አለ ሃስኬት።

«ጉልበቴን ታውቃላችሁ። ትከሻዬን አታውቁም! ይኼ ክንድ ከጆሮዬ በላይ አይወጣም!» ለማሳየት ሞከረ፤ እውነትም አልወጣም። ኦርጋኑ አገዘው።

«ኧረ ተናገረው፣ የኔ ልጅ!» አለች አንዲት አሮጊት ከፊት አግዳሚ።

«ተቀመጥ» አለች ሚስ ኦዜላ በጥርሷ መሃል፣ ኮቱን እየጎተተች። ከሚይዘው እጅ ማምለጥ ግን ሥራው ነው። ትከሻውን ነቀነቀና ወደ መተላለፊያው ወጣ።

«ጀርባዬን ጠይቁኝ! ጠዋት ከአልጋ የምታወርደኝ ይቺ እናቴ ናት! እማ፣ ውሸት ነው?»

ሚስ ኦዜላ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋሽታ አታውቅም። ጣሪያውን አየች።

«የግራ እግሬ ጣቶች አልሰማ ካሉኝ ሰንብተዋል! አርብ ዕለት ታዲያ ማን ሮጠ?»

«ማን ሮጠ?» አለ ጉባኤው ተነሥቶ።

«እኔ ነኝ?»

«አይደለህም!»

«በመርፌ የደነዘዘ እግር መሬቱን ያውቀዋል? ጌታ ነው የሮጠው!»

ጣሪያው ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ከመዘምራኑ ሁለት ሴቶች ወደቁ፣ እየሮጥኩ አራገብኩላቸው። ሃስኬት ሎሚውን ረስቶ ይዘላል። ፓስተሩ ስለ እንግዳው ያውቁ ስለነበር ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «ይበቃል ወንድሜ፣ ጌታ ሰምቷል፣ ጌታ ሰምቷል» ይላሉ። የኋላውን አግዳሚ ዞር ብዬ አየሁ። ሚስተር ሃልቮርሰን በኮርዴል ፎቶ ቀስ ብለው እያራገቡ ነው።

ኮርዴል በላብ ተጠምቆ ሲቀመጥ እናቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «እግርህን በቅባት ሳሽ ከረምኩ» አለችው። «አፍህስ በምን ይታሻል?»

«ሰማሽ እማ፣ እንዴት እንደጮሁ?» አላት።

ሽማግሌው አሳውን ሳይበሉ አልሄዱም። ደግመው በሉ፣ የኮክ ጣፋጩንም አሞገሱ። ሲወጡ የኮርዴልን እጅ ዝቅ አድርገው፣ እንደ እንቁላል ይዘው ጨበጡት።

«ልብ የሚነካ ነበር» አሉ። «አርብ የሮጠውን ማስፈረም ብንችል እንዴት ደስ ባለን!»

«አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለ ኮርዴል። ከልቡ ነው።

ሰኞ አውሮፕላኑ ኮርዴልን ሳይዝ ሄደ። ማክሰኞ ወኪሉ ደወለና ቡድኑ ከኦሃዮ አንድ ልጅ እንደወሰደ ነገረው፣ ሁለት ጉልበት ያለው። እኔ ሱቄን ዘግቼ ስመለስ ኮርዴል ከነሻንጣው በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ስለ ትከሻዬ ያውቃሉ» አለኝ። «ስለ ጀርባዬም፣ ስለ መርፌውም። ማን ይሆን የነገራቸው?»

«እንጃ» አልኩ።

«ሃስኬት ነው። ያ ሰውዬ ምላሱን አይችልም።»

«ሊሆን ይችላል።»

ከዚያ ፊቱ በራ። «ግን ሰምተሃል አይደል፣ እንዴት እንደጮሁልኝ?»

«ሰምቻለሁ ወንድሜ።»

ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚስ ኦዜላ ድምፅ ይመጣል፤ ከፋብሪካው አለቃ ጋር በስልክ ናት። «የጎማው ቦት ትልቁ ቁጥር አላችሁ?... እሺ።... አይ፣ ዶሮ መስቀሉ ይቅርበት፣ እጁ እዚያ ድረስ አይወጣም።... ቁጭ ተብሎ የሚሠራ የላችሁም?... ቆሞማ እንጃ፣ እሱን እናንተው አይታችሁ። ብቻ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ሲሠራ ማንም እንዳያጨበጭብለት።»