ባዶ ነው የተባለው ጠመንጃ

ሰው እጄ ላይ ሲያፈጥብኝ አልወድም። ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቢያስነጥሱበት የሚጠፋ ብሎን ስፈታና ሳጠብቅ ኖሬያለሁ። የሚስቴ አባት ጠመንጃቸውንና አዲስ የገዙለትን የማነጣጠሪያ መነጽር በጆንያ ጠቅልለው ሲመጡ «ይተዉልኝና ነገ ይምጡ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አማት ናቸው፤ ዋጥኩት።

እሳቸው የእርሻ ጠባቂ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የዱር አሳማው በቆሎውን ሲያወድመው ጥላውን እንጂ እሱን አያዩትም። መነጽሩ ካልተገጠመ ከሥራ መውጣታቸው ነው።

«ባዶ ነው አይደል አባባ?» አልኳቸው ጠመንጃውን ስቀበል።

«ምን ማለትህ ነው? አርባ ዓመት ይዤው ባዶና ሙሉ ላልለይ ነው?»

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ስቤ ባየው ምን ነበረበት? ግን ፊት ለፊታቸው ከፍቶ ማየት «ይዋሻሉ» ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና እጄን አነሳሁ። እኔ፣ ባትሪውን ሳላወጣ የማንንም ሰዓት የማልነካው ሰውዬ!

ጠመንጃውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ትራስ መሐል አስተኛሁት። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ባዞረው ጎረቤት ምን ይላል ብዬ ወደ ኮምፔርሳቶው ግድግዳ አዞርኩት። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቴ ልብስ ትሰፋለች፤ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማል። ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቼ፣ ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ፣ መነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ከክሩ ጋር ቀጥ እስኪል አስተካከልኩ። ከዚያ ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጠበቅኩ። አማቴ «ቀስ! ቀስ በል!» እያሉ ጆሮዬን በሉት።

«እስቲ ቃታውን ሳበው። መስቀሉ ከቦታው ይነቃነቅ እንደሆን እናያለን።»

ሳብኩት። እምቢ አለ። ደገምኩት።

«ደርቋል፤ ዘይት ይፈልጋል» አልኩ።

«እንዳንተ ግትር ሆኖ ነዋ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለች ሚስቴ ከወዲያ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ ሴፍቲው ተቆልፏል። ከፈትኩት። አማቴ «በል አሁን ሳበው» አሉኝ። ጣቴን ልኬ ነበር። መጀመሪያ መቀርቀሪያውን አውጥቼ ከኋላ በአፈሙዙ አሻግሬ ልመልከት፣ እሱና መነጽሩ አንድ ቦታ ያያሉ ወይ ብዬ ተውኩት እንጂ።

መቀርቀሪያውን ስስበው ጥይት ዘሎ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለና ካቻቢቴዬ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ክው አልኩ። አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

«ትናንት…» አሉ በመጨረሻ፤ «ትናንት አሳማው ሲያመልጠኝ አጉርሼ ነበር… ረሳሁት… ወይኔ ልጄን!»

የስፌት መኪናው አሁንም ይሠራል። እንደዚያ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እየተደነቃቀፍኩ ወደ እሷ ክፍል ገባሁ። የመታሁት ሚስማር ጫፉ በኮምፔርሳቶው አልፎ ወጥቷል። ከሱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የሚስቴ ደረት ነው። መነጽሩን ያስተካከልኩት እዚያው ላይ ነበር።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለችኝ፤ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ከፍተህ አላየህም?»

«አባትሽን… አፍሬ ነው።»

«እኔን ጠይቆኝ ነበር» አሉ አማቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ነኝ የተቆጣሁት። መርሳቴ እንዳይታወቅብኝ ብዬ እንጂ፣ እርግጠኛስ አልነበርኩም።»

አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየችን። መቀሱን መኪናው ላይ ጣለችው።

«እና እናንተ ስትተፋፈሩ እኔ ልሙት?»