ከማኅተሙ ጋር የተቆለፈው ፍላሽ

ለይኩንን ሰላም ካላችሁት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወሬው ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ መድረሱ አይቀርም። የኮተቤ ሰው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ሲያየው ገና ከሩቅ ሰዓቱን መመልከት ይጀምራል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ አጠገቡ ያለው ሰውዬ ስልኩን ሲከፍት አየና «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው እንዴ ያስገባኸው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው። ሰውዬው ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለይኩን ግን ከልቡ ነበር ያዘነለት።

የፍቅሩ አጀማመር እንዲህ ነው። በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ «ላኩልኝ» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ሊኑክስ ያለበት ሲዲ ከባሕር ማዶ በፖስታ፣ ያውም በነፃ መጣለት። «እያባዛህ ለሌላውም ስጥ» ይላል። ለይኩን እስከዚያ ቀን ድረስ «ማባዛት ክልክል ነው» የሚል እንጂ «አባዛ» የሚል ሲዲ አይቶ አያውቅም። ውስጡን ከፍተህ እይ፣ ያልጣመህን አስተካክል፣ አስተካክለህም መልሰህ ስጥ የሚሉ ሰዎች በዓለም ላይ መኖራቸው ሆዱን አባባው። «እኔን ሲያጨኝ እንኳ ዓይኑ እንደዚህ አልበራም» ትላለች ባለቤቱ ሰርክ።

ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቱን የማያሳይ ምግብ ቤትና ውስጡን የማያሳይ ሶፍትዌር ለእሱ አንድ ናቸው። የሚበላውን በልቶ ይወጣል እንጂ አያምነውም። የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን የኢሜይል ፓስወርድ ከእሑድ ፕሮግራም ጎን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሁለት ጊዜ ገነጠለው። ሁለቴም ሽማግሌዎቹ «ሰው ሲፈልገው ይቸገራል» ብለው፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈው መለሱት። ለይኩን ይህን ሲያወራ ራሱም ይስቃል። የማይስቅበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእማማ አገርነሽ ፍላሽ ነው።

እማማ አገርነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ማንበብም መጻፍም አይችሉም። መዝሙር ግን ያወጣሉ፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያወጣሉ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ያወጣሉ። በአጥቢያው የሚዘመረው ግማሹ የእሳቸው ነው። በሁለት ሺህ አንድ መጨረሻ ላይ፣ ጉሮሯቸውን ታመሙና ሐኪሞቹ የድምፅ ሳጥናቸው ተቆርጦ ካልወጣ አይድኑም አሉ። ቀዶ ጥገናው ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰርክና መዘምራኑ አዳራሹን ዘግተው ሦስት ቀን ሙሉ ድምፃቸውን ቀዱ። አርባ አንድ መዝሙር። ከነዚያ ውስጥ መዘምራኑ የሚያውቁት ዘጠኙን ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገናው ተደረገና እማማ አገርነሽ ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን ላይመለስ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው አቶ ጎበና የሚመጡት። አቶ ጎበና የአጥቢያው ዋና ሽማግሌ፣ ቅን ሰውና የቁልፍ ወዳጅ ናቸው። ከመዝሙሮቹ ሊሠራ የታሰበው አልበም ሳይወጣ ሰው አባዝቶ እንዳይቸበችበው ፈሩ። ስለዚህ ቅጂው ፍላሽ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው እንዲጠፋ አዘዙ፤ ፍላሹንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ማኅተም በሚቀመጥበት የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«ጋሽ ጎበና፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቀመጥ» ብሎ ለምኗቸው ነበር ለይኩን።

«አንተ ሰው፣ ማኅተም ሦስት ቦታ ይቀመጣል?» አሉት። የሽማግሌዎቹ ስብሰባ በሙሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀላቸው። ለይኩን የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

እንግዲህ በሁለት ሺህ ሁለት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መዘምራኑ ልምምድ ሊጀምሩ ሆነና አቶ ጎበና ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከሰርክ ጋር ሆነው፣ ፍላሹን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ጌድዮን ኮምፒውተር ቤት ሄዱ፤ ሲዲ ሊያስገለብጡ ነው። ጌድዮን የለይኩን የልጅነት ጓደኛ ነው። እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ። ለሚመጣለት በሽታ ሁሉ የሚያዘው አንድ መድኃኒት ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ይጥፋ ማለቱ ነው።

ለይኩን በዚያ ሰዓት መሪ ሰፈር ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ለደረሰው የሥራ ባልደረባው ፍሪጅ አራተኛ ፎቅ እያወጣ። ደረጃው መሐል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ለይኩን!» ሰርክ እያለቀሰች ነበር። «ፍላሹ ባዶ ነው። ቫይረስ አለበት አለና ጌድዮን በአንቲቫይረስ አጸዳው፣ አሁን ምንም የለም። ፎርማት አድርጌ ልሞክር እያለ ነው…»

«እንዳይነካው! ሰርክ፣ እንዳይ…»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደገመ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» አለችው የቴሌዋ ሴትዮ። ሦስተኛ ሞከረ፤ አሁንም እሷው ናት። ለይኩን ፍሪጁን ከነባለቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትቶ፣ ላፕቶፕ ያለበትን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ።

ሚኒባሱ ውስጥ የሚያሳዝን ሰው ሆኖ ተቀመጠ። የፍላሽ ቫይረሱን ያውቀዋል። የሰፈሩ ኮምፒውተር ሁሉ ታሞበታል። ትክክለኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ያንኑ ስም የያዘ አስመሳይ ያስቀምጣል። አንቲቫይረሱ አስመሳዩን ሲያጠፋው ሰው ባዶ ፍላሽ ያያል፤ ፋይሉ ግን ውስጡ ነው፣ እንደተሸሸገ። ያኔ በትዕግሥት መፈለግ ነበር። ጌድዮን ግን ትዕግሥት የለውም። ፎርማት አድርጎ ከላዩ ላይ ሌላ ነገር ከገለበጠበት አበቃ። ረዳቱ በየፌርማታው «ኮተቤ፣ ኮተቤ!» እያለ ሰው ሲጠራ ለይኩን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ለመስደብ ተመኘ። መዘምራኑ የማያውቋቸው ሠላሳ ሁለቱ መዝሙሮች ከሌላ ሰው አፍ ገብተው አያውቁም። ከጠፉ ጠፉ። እማማ አገርነሽ ደግመው አይዘምሯቸውም።

ኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ውስጥ ያየውን ግን እስከ ዛሬ አይረሳውም። ስክሪኑ ላይ «ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ልቀጥል?» የሚለው መስኮት ተከፍቷል። ማውሱ ላይ የጌድዮን እጅ አለ። ከጌድዮን እጅ በላይ ደግሞ የአቶ ጎበና ሰፊ መዳፍ ተጭኖበታል።

«ለይኩን ሳይመጣ አይሆንም ብያለሁ» ይላሉ አቶ ጎበና። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

«እጄን ሰበሩት እኮ» አለ ጌድዮን ለይኩንን ሲያየው። «በል ና ነቢዩ፣ ሊኑክስህ ሙታን ያስነሣ እንደሆነ እናያለን።»

ለይኩን ፍላሹን ነቀለ፤ አሮጌ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ አበራ። ላፕቶፑ እንደ ባለቤቱ የማይቸኩል ነው። ጌድዮን «ጸልዩለት» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ሰርክ የባሏን የኮት ጫፍ ይዛለች። በመጨረሻ ስክሪኑ በራ፣ ፍላሹ ተሰካ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ቫይረሱ የሚደብቀው ነገር የማይደበቅበት የለይኩን ሊኑክስ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። ሁለት የቫይረስ ጥራጊና አንድ ፎልደር። ስሙ «እማማ አገርነሽ» ይላል። ውስጡ አርባ አንድ።

ለይኩን ለዚህች ቀን ንግግር ነበረው። ሲዲው ከደረሰው ጀምሮ ያዘጋጀው፣ በልቡ እየደጋገመ ያሳመረው፣ «አላልኳችሁም?» ብሎ የሚጀምር ንግግር። የመጀመሪያውን መዝሙር ተጫነው። ከትንሿ ድምፅ ማጉያ የእማማ አገርነሽ ድምፅ ወጣ፤ ሻካራ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ።

*ሸክሜን አውርድልኝ፣ ዳገቱ በዛብኝ…*

ንግግሩ ከአፉ ጠፋ። አቶ ጎበና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ትንሽ ቆይተው አቶ ጎበና ዓይናቸውን ጠረጉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ተባረክ ልጄ። በል አምጣው፣ ልመልሰው።» ወደ ሣጥኑ ማለታቸው ነው።

ለይኩን ፍላሹን በእጃቸው ላይ አደረገላቸው። ቢፈልግ ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ማስቀረት ይችል ነበር፤ ሳይነግራቸው ማድረጉ ግን ስርቆት መሰለው። «ጋሽ ጎበና፣ የእኔም የእርስዎም አይደለም። እማማ አገርነሽን ራሳቸውን ብንጠይቅስ?» አላቸው። ሽማግሌው አሰቡ። «እሱስ ልክ ነው» አሉ።

እማማ አገርነሽ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኝ አንድ ክፍል ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ አንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመዋል። ለይኩን መዝሙሩን አሰማቸው። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ያለ ድምፅ ሳቁ፣ ከዚያ ከንፈራቸው ከራሳቸው ድምፅ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወጥተው ቆሙ።

አቶ ጎበና ጎንበስ ብለው ጉዳዩን አስረዱ። «እህት አገርነሽ፣ አልበሙ እስኪወጣ ቆልፌ ላስቀምጥ ወይስ ለዚህ ሰውዬ ልስጥ? እሱ ከያዘው ለአገር ነው የሚያድለው።»

እማማ አገርነሽ ፍላሹን ከአቶ ጎበና መዳፍ አነሱና ለይኩን እጅ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ በጣታቸው ጎረቤቶቹን አሳዩ፣ መንገዱን አሳዩ፣ ተራራውን አሳዩ። አቶ ጎበና ስልካቸውን አወጡና «በል እንግዲህ፣ ከእኔ ጀምር» አሉ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ አርባ አንዱም ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ ተዛመቱ። ጌድዮን የስልኩን ሚሞሪ ሊያስሞላ ለመጣ ሁሉ ሳይጠየቅ ይጨምርለት ነበር። «ከቫይረስ በላይ የሚዛመት መዝሙር አየሁ» ይላል።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ፣ ለይኩንና ሰርክ እማማ አገርነሽን ደግፈው ለጸሎት ወደ እንጦጦ ወጡ። ባሕር ዛፉ መሐል፣ አቀበቱ በሚከብድበት ላይ፣ ሦስት ሴቶች የእንጨት ሸክማቸውን አስደግፈው አርፈው ነበር። አንዷ፣ ኡርጂ የሚሏት ወጣት፣ እየዘመረች ነው።

*ሸክሜን ይዤ ልውረድ፣ አንተ ብቻ አብረኸኝ ውረድ…*

ለይኩን ቆመ። ዜማው ያው ነው፤ ቃሉ ግን ተለውጧል።

አሮጊቷ አተኩረው ሲያዩአት ኡርጂ አፈረችና ሳቀች። «እማማ፣ ይቺን መዝሙር አያውቋትም? ከስልክ ነው ያገኘኋት። መጀመሪያ ‹አውርድልኝ› ነበር የምትለው። እኛ ግን ካወረድነው ምን እንበላለን ብዬ ለወጥኳት። ይቀመጡ፣ ላስተምርዎ።»

ለይኩን «የእሳቸው እኮ ናት!» ሊል አፉን ከፈተ። እማማ አገርነሽ ክንዱን ጨበጡት፤ ጠበቅ አድርገው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ተጠግተው፣ ድሮ ሸክማቸውን ያስደግፉበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በእጃቸውም «ከመጀመሪያው» ብለው ምልክት ሰጡ።

ኡርጂ ዘመረች። አሮጊቷ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሏት፤ ‹አውርድልኝ› የነበረበት ቦታ ሲደርስ በአዲሱ ቃል ነበር።