ወንፈል ከሆነ

ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ወረታ ልወጣ ስል አባቴ ማጭድ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙብኝ።

«ጎረቤታችን ቢሻው ሩዛችንን አጭዶልናል። ወንፈሉን አንቺ ትመልሻለሽ። ትምህርቱ አንድ ሳምንት ቢቀር ምን ይጎድልሻል?»

ወንድሜ ገበያውም ከዘጠነኛ ክፍል የቀረው «ለአንድ ሳምንት» ተብሎ ነበር። ይኸው ዛሬም ማሳ ላይ ነው። ሰው ሲጠይቃቸው ግን «ትምህርት አልሆነለትም» ይላሉ!

ደሜ ፈላ። ማጭዱን ተቀበልኋቸውና እስክሪብቶዬን ዘረጋሁላቸው።

«እሺ፣ እኔ አጭዳለሁ። እርስዎ ደግሞ ክፍል ገብተው የዛሬውን ፈተና ይፈተኑልኝ። በወንፈል አንዱ ያንዱን ሥራ ይሠራለት የለ?»

እስክሪብቶውን አልተቀበሉኝም።

«እንግዲያው ማጭድዎን ይያዙ» አልሁና በአጠገባቸው አልፌ ወጣሁ።