የጉሜ ውርንጭላ

"ስለ ሉሊት እኔ የማላውቀው ነገር ካለ፣ እሱ ገና አልተጻፈም ማለት ነው" አለች ብርቄ። ድምፅዋ ከወፍጮው ሞተር በላይ እንዲሰማ አንገቷን እንደ አውራ ዶሮ መዝዛ ነው የምትጮኸው።

የገብስ ጆንያዋን እንደ ዙፋን ተቀምጣበታለች። ቅዳሜ በመሆኑ ተራው ከወፍጮ ቤቱ በር ወጥቶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ደርሷል፤ ከገጠር የመጣው ሁሉ ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት እህሉን እያስያዘ ነው። ሌላው ሰው ተራው ረዘመ ብሎ ያጉረመርማል። ብርቄ፣ የሺሃረግና አስያ ግን ተራው እስከ ጭላሎ ተራራ ጫፍ ቢደርስ ደስታቸው ነው። ሴት ልጅ ተቀምጣ ስታወራ ማንም የማይቆጣባት ቦታ ቢኖር ወፍጮ ቤት ነው፤ "ተራ አልደረሰኝም" ካለች አለቀ።

የሚያወሩት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። «የደመና ደረጃ» ይባላል። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ወጥተዋል፤ ሦስተኛው እየታተመ ነው ይባላል። ሉሊት የምትባል የሸማኔ ልጅ፣ ጉሜ የምትባል ክንፍ ያላት በቅሎ ላይ ተቀምጣ ከደመና በላይ ወዳለ አገር ትወጣለች፤ እዚያ ያለው ንጉሥ ደግሞ የሰውን ጥላ እየሰረቀ ካባ ያሰፋል። ለነዚህ ልጆች የንጉሡ ካባ ከጎረቤት ጠብ የበለጠ ጉዳያቸው ነበር።

መጽሐፉ የየሺሃረግ ነው ይባል እንጂ፣ የአባቷ የአቶ ወልደ ሚካኤል ነው። አቶ ወልደ ሚካኤል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሲሄዱ ይገዙና፣ አንብበው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። የሺሃረግ ሁለተኛውን በስውር ከሣጥኑ አወጣችው። አራት አንባቢ አንድ መጽሐፍ ሲጠባበቅ ክረምት ሊገባ መሆኑን ስታይ ደግሞ፣ የጥራዙን ክር በምላጭ ፈትታ አራት ቦታ ከፈለችው። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ክፋይ ደረሳት። ሁሉም አንብበው ሲጨርሱ መልሳ ትሰፋዋለች። አባቷ ከዚያ በፊት ካወቁ ግን የሚሰፋው የሷው ቆዳ ነው።

ዘዴው ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ አራቱም በአንድ ጊዜ የተለያየ ቦታ ማንበባቸው ነው። መሃሉ የደረሳት ንጉሡ እንደታመመ ታውቃለች፤ ምን እንዳመመው ግን የምታውቀው መጀመሪያውን የያዘችው ናት። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሲገናኙ፣ አንዷ የሌላዋን ጉድጓድ በጥያቄና መልስ ትደፍናለች። የነጋዴ ልጅ የሆነችው አስያ ጥያቄዋ ሁሉ የዕቃ ነው። ጉሜ ምን ትበላለች? የጤዛ ገብስ። የጥላ ካባ በምን መርፌ ይሰፋል? በእሾህ። ንጉሡ ለምን ጫማ አያወልቅም? ጣቶቹ የሰው ስላልሆኑ ነዋ። አብዛኛውን የምትመልሰው ብርቄ ናት፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፏ ይወጣል።

ደንቡን ያወጣችው የሺሃረግ ናት። ያላነበበችውን አንብቤያለሁ ብላ የመለሰች ከክፍፍሉ ትወጣለች፤ ሦስተኛው መጽሐፍ ሲመጣም ገጹን አታይም።

ይህ ደንብ ለሌሎቹ ጨዋታ ነበር፤ ለብርቄ ግን አልነበረም። ሌሎቹ ሰኞ ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ብርቄ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ እናቷ ጠጅ ቤት ውስጥ ብርሌ ታጥባለች። በቤታቸው የሚነበብ ነገር ቢኖር የክብሪቱ ቀፎ ላይ ያለው ነው። ሳምንቱን ሙሉ "አንቺ ልጅ፣ ቅጂ!" የሚላት ሁሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እነ የሺሃረግ "ብርቄ፣ እስቲ ንገሪን" እንደሚሏት አያውቅም። ይህን ካጣች የሚቀራት ብርሌው ነው።

ታዲያ ምን አባቷ እንዳስዋሻት።

የመጨረሻው ክፋይ የደረሰው ለሐጂራ ነበር። ሐጂራ ደግሞ ለአጎቷ ሠርግ ዲክሲስ ስትሄድ፣ ክፋዩን በሻሽ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ስትጠቀልለው ብርቄ አጠገቧ ስለነበረች የመጀመሪያውን ገጽ በጨረፍታ አይታዋለች። የጉሜ ክንፍ በበረዶ መሰበሩን አንብባለች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አላየችም። ባለፈው ቅዳሜ ግን "ሐጂራ ሳትሄድ እሱንም ጨርሼዋለሁ" ብላ አወራች። ለምን እንዳለች ራሷም አታውቅም፤ አፏ ቀደማት።

ዛሬ አስያ ሳምንቱን ሙሉ ይዛው የቆየችውን ጥያቄ አወጣች።

"ጉሜ ክንፏ ከተሰበረ፣ ሉሊት ቤቷ የምትመለሰው በምንድን ነው?"

የሺሃረግም ጆሮዋን አስጠጋች። ብርቄ የጆንያዋን ቋጠሮ ነካካች። አላውቅም ብትል ባለፈው የዋሸችው ይወጣል፤ እንዲሁ ዝም ብትልም ያው ነው። ስለዚህ እንደለመደችው አፏን ከፈተችና የሚመጣውን ጠበቀች። የመጣው ጥሩ ነበር። ጉሜ ክንፏ ይሰበር እንጂ ብቻዋን አልነበረችም፤ በረዶው ሥር ተኝታ ሳለ ምጥ ያዛት፤ የተወለደው ደግሞ ከእናቱ የበለጠ ክንፍ አለው፤ ሉሊትም በእሱ ላይ ተቀምጣ...

"ምን አልሽ? አይሰማም!" አለች አስያ።

ብርቄ ጆንያው ላይ ቆማ፣ እጇን እንደ ቀንደ መለከት አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። በዚያች ቅጽበት ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ወለቀ። ወፍጮው እንደታነቀ ሰው አንዴ አንቋርሮ ዝም አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በዚያ ሁሉ ዝምታ ላይ የተሰማው የብርቄ ድምፅ ብቻ ሆነ።

"በቅሎዋ ወለደች!"

ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። ስለ ውርንጭላው ክንፍ የሚናገረው ግማሽ ወሬ አፏ ውስጥ ቀረ።

ከተራው መሃል ኦቦ ከዲሮ ብድግ አሉ። ከጢቾ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ስንዴያቸውን አስፈጭተው፣ ውጭ ያሰሯትን ዳማ በቅሎ ለገበያ ሊያወጧት ነው። ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀረቡ።

"አንቺ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን አልሽ? የማን በቅሎ ናት የወለደችው?"

ብርቄ የሺሃረግን አየቻት። የሺሃረግ ፊቷ ዱቄት መስሏል፤ የመጽሐፉ ነገር ከተነሳ እስከ አባቷ ጆሮ የሚያግደው የለም። በዓይኗ ተለማመጠቻት። ብርቄም መጽሐፍ የሚለውን ቃል ሳታነሳ፣ የመጽሐፉን መልስ ሰጠች።

"የሉሊት ናት አባባ።"

"ሉሊት የማን ልጅ?"

"የሸማኔው።"

"አገሯ የት ነው?"

ብርቄ በአገጯ ወደ ጭላሎ ጠቆመች፤ የተራራው ጫፍ እንደወትሮው ደመና ለብሷል። "ከዚያ ደመና በላይ" አለች፤ እንዲህ ስትል ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ኦቦ ከዲሮ ግን አልሳቁም። በቅሎ መካን መሆኗን በሬ የሚጠምድ ሁሉ ያውቃል፤ ወለደች ከተባለ ዘመን ተገለበጠ ማለት ነው፤ አባቶቻቸው እንደዚያ ነግረዋቸዋል። "ያ ረቢ" ብለው በዱላቸው መሬቱን ቆረቆሩና፣ በቅሏቸውን ፈትተው ወደ ገበያ ሄዱ። ከተቀረውም ሰው ገሚሱ እየተንሾካሾከ ተከተላቸው።

አስያ ቆይታ ቆይታ፣ "ቆይ ግን፣ በቅሎ እኮ..." ብላ ጀመረች።

"ደመና ላይ ነው" አለች ብርቄ ቶሎ ብላ። "እዚያ ሁሉም ይወልዳል።"

ቺንጋውን የሚጠግነው ሰውዬ ቀጥቅጦም ጠፍሮም እምቢ አለው፤ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ወፍጮው አልተነሳም። ወሬው ግን ቺንጋ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ጨው ሊገዛ ሄዶ የተመለሰ አንድ ሰው ጭላሎ ላይ በቅሎ መውለዷን ነገራቸው። ቀጥሎ የመጣችው ቅቤ ሻጭ ሁለት መውለዷን ነገረቻቸው፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ። የመጨረሻው ደግሞ፣ ውርንጭላው እንደ ሰው ተናግሮ ምርት አይሆንም ብሏል አላቸው። ብርቄ መጀመሪያ ላይ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ውርንጭላው መናገር ሲጀምር ግን መሳቋን ተወች።

የጭነት መኪናው ከዲክሲስ ሲገባ ሐጂራ ከጆንያዎቹ ላይ ወረደች። ሻሿን በደረቷ አቅፋ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣች። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ፣ መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ስለ አንዲት የወለደች በቅሎ ሲያወራ መስማቷን፣ ሾፌሩም ፈርቶ ጭላሎን ሲያይ መሪውን ሊስት እንደነበር ነገረቻቸው። ሦስቱም የሚያዩት ከኋላዋ ነበር።

ኦቦ ከዲሮ እየመጡ ነው። ዳማዋ በቅሎ አልተሸጠችም፤ በልጓሟ እየጎተቷት ነው። ገበያ እንደደረሱ ዋጋ የተስማማ ገዢ አግኝተው ነበር፤ ወሬውን ሲሰማ ግን፣ ነገሩ እስኪጣራ በቅሎ ግቢዬ አትገባም ብሎ እጁን ሰብስቧል። ያ ብቻ አይደለም፤ ከሱ በኋላ የመጣ ሁሉ በቅሏቸውን ከሩቅ አይቶ ያማትባል ወይም "አዑዙ ቢላህ" ይላል።

"ኢንታላ" አሉ፤ አልተቆጡም፤ ይህ ደግሞ ባሰባት። "ጭላሎ ሥር የሚኖረውን ሁሉ ጠየቅሁ። ሉሊት የምትባል የለችም። ይህን ነገር ማን ነገረሽ? ከወረቀት ላይ ነው እንዴ? እናንተ ልጆች እዚህ ወረቀት ስታነብቡ አያችኋለሁ። ከወረቀት ከሆነ፣ አቶ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ ይታይልኝ እላለሁ። እሳቸው የወረቀት ሰው ናቸው።"

የሺሃረግ ቀስ ብላ ተነሥታ ከባሕር ዛፉ ኋላ ገባች።

ብርቄ ሁለት መንገድ እንዳላት አየች። ወረቀት ነው ብትል እሷ ትድናለች። መጽሐፍ የጻፈውን ማን ይጠይቃታል? ሐጂራ ሻሿን እስክትፈታ ድረስም ቢሆን ብርቄ የሁሉ አዋቂ እንደሆነች ትቆያለች። አቶ ወልደ ሚካኤል ግን ሣጥናቸውን ይከፍታሉ፤ መጽሐፉን ያጡታል፤ ከዚያ በኋላ የሺሃረግን የሚያድናት የለም። አይ፣ እኔ ነኝ ካለች ደግሞ ደንቡ አለ።

ከጆንያው ላይ ወረደች።

"ወረቀት አይደለም አባባ። ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ከሆዴ ያወጣሁት።"

"ከሆድሽ?"

"ከሆዴ። በቅሎም የለች፤ ውርንጭላም የለም።"

ሽማግሌው በዱላቸው ጆንያውን መታ መታ አደረጉ።

"ውጪበት። እንደ ጠዋቱ አድርገሽ ጩኺ። ያወጣሽውን አንቺው መልሺው።"

ብርቄ ወጣች። በተራው ያለው ሰው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ቺንጋ ጠጋኙ ሳይቀር ቀና ብሎ አያት። እጇን እንደ ጠዋቱ አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

"በቅሎዋ አልወለደችም! ውሸት ነው! ያልኩት እኔ ነኝ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ "ድሮስ!" አለ። ጠዋት ወሬውን ይዞ ወደ ገበያ የሮጠ አንድ ሰውዬ፣ እኔ እንኳ አላመንኩም ብሎ ለጎረቤቱ ሲምል ተሰማ። ኦቦ ከዲሮ ስንዴያቸውን ተራው ላይ ትተው፣ ገዢው ገና ከከተማ ሳይወጣ ሊያገኙት በቅሏቸውን ወደ ገበያ መለሷት።

የሺሃረግ ከዛፉ ኋላ ስትወጣ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ደንቡን ግን አልረሳችም። "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አለች፤ አለችና ቀጥሎ የሚመጣው ከበዳት። የዳነችው በማን እንደሆነ ታውቃለች። አስያ ደግሞ፣ ብርቄ ከወጣች ቅዳሜን ምን እናደርገዋለን ብላ አጉረመረመች። ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ብርቄ ጆንያዋን እያሰረች፣ እየፈታች፣ እንደገና እያሰረች ጠበቀቻቸው።

"ክፋይሽ አይወሰድብሽም" አለች የሺሃረግ በመጨረሻ። "ሦስተኛው ሲመጣም ትካፈያለሽ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ትጠይቂያለሽ እንጂ አትመልሺም።"

ከመባረር ይሻላል፤ ብርቄም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ለሷ መልስ ያለመመለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብርቄና ምላሷ ብቻ ያውቃሉ። ሦስቱ እያዩዋት አፏን ሁለቴ ከፍታ ሁለቴ ዘጋችው። የኔው ውርንጭላ ከመጽሐፉ ሳይሻል አይቀርም፣ ልትል ነበር። ዋጠችው። ከዚያ ሐጂራ አጠገብ ቁጢጥ አለችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ እንደማታውቀው ሆና ጠየቀች።

"እሺ ሐጂራ፣ ሉሊት በምንድን ነው ቤቷ የተመለሰችው?"

ሐጂራ የሻሿን ቋጠሮ በጥርሷ እየፈታች ቀና እንኳ አላለችም።

"በእግሯ ነዋ፣ ደረጃውን ወርዳ። እግር የሌላት መሰለሽ?"