የመምህር ቹፌንግ «ህ»

መምህር ቹፌንግን ገና ሳየው ነው የጠላሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ተሰደን በመጣንበት ሴንት ፖል ከተማ፣ በማኅበራችን አዳራሽ ክራቫቱን አስሮ ቋንቋችንን ለገዛ ልጆቻችን ያስተምራል። የወንድሜ ልጅ ዱዋ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት አድጋ፣ የምትላትን ትሰማለች እንጂ መመለስ አይሆንላትም ነበር። «አክስቴ፣ አያቴን በቋንቋዋ ላዋራት እፈልጋለሁ» ብላ ተመዘገበች። ጀማሪውን አልፋ መካከለኛ ደረጃ ገባች።

አይ መካከለኛ! ጀማሪው «እንደምን አደሩ» ይላል፤ መካከለኛው ደግሞ «በትርፍ ጊዜዎ ምን ማድረግ ያስደስትዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከኛ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም።

የባሰው ሌላ ነው። እኛ አንድ ሕዝብ ብንሆንም በሴቶቻችን ቀሚስ ነጭና አረንጓዴ ተብለን ተለይተናል፤ አነጋገራችንም ለየቅል ነው። ውሻን እነሱ «ዴ» ይሉታል፣ እኛ «ድሌ»። ስማችንን እንኳ እነሱ «ህሞንግ» ሲሉ እኛ «ሞንግ» ነው የምንለው። ቹፌንግ ከነጭ ቀሚሶቹ ወገን ነው፤ እኛም ከአረንጓዴዎቹ። የማስተማሪያው መጽሐፍ በነሱ አነጋገር ስለተጻፈ የኛ አነጋገር ስሕተት ሆኖ ቀረ። ዱዋ ከእናቴ የለቀመችውን ቃል ሁሉ ሲያርምባት ከረመ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሏል ይኼ ነው።

የማለፊያው ፈተና ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አምጥቶ መምህሩ ፊት እንዲያዋራ ታዘዘ። ዱዋ እናቴን አመጣች። እናቴ በበዓል ቀሚሷ ተሽቀርቅራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ በትርፍ ጊዜዎ ምን ማድረግ ያስደስትዎታል?» አለች ዱዋ፣ እንደተማረችው።

እናቴ ሳቀች። «ትርፍ ጊዜ? ሞንግ ሰው ትርፍ ጊዜ ካገኘ ታሟል ማለት ነው!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ቹፌንግ እጁን አነሣ።

«ይቅርታ እናታችን፣ ‹ሞንግ› አይባልም። ‹ህሞንግ› ነው። ትንፋሽ ይፈልጋል።»

«አንተ!» አልኩት ከኋላ። «ሰባ ዓመት የተጠራችበትን ስም ነው የምታርማት?»

«እህቴ፣ ፈተና ላይ ነን። ልጅቷ የምታልፈው በትክክለኛው ቋንቋ ስታወራ ነው።»

ትክክለኛው! በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ። ዱዋ አንገቷን ደፋች። እናቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየችና፣ «ከወደቀች ምን ትሆናለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ዓመቱን ትደግማለች» አልኳት።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያ በነጭ ቀሚሶቹ አነጋገር ታወራ ጀመር፤ ድሮ በስደተኞች ሰፈር ከነሱ ጋር ስትገዛና ስትሸጥ በለቀመችው፣ ለባዳ በምታወራበት። «እኛ ህሞንጎች…» አለች፤ «ህ»ዋን እንደ ሳል አወጣቻት። ቹፌንግ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። ዱዋ አለፈች። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ እንደተጸየፍኩት አለሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዱዋ በኛው አነጋገር፣ እየተንተባተበች፣ «አያቴ፣ ራበሽ?» አለቻት። ደስ አለኝ። እናቴ ግን በነጭ ቀሚሶቹ አነጋገር መለሰችላት።

«አይ፣ አልራበኝም።»

«አያቴ፣ በኛው አዋሪኝ እንጂ። እኔ የተማርኩት ላንቺ ብዬ ነው።»

«ተዪ ልጄ፣ የኔ አነጋገር ስሕተት ነው ብሏል መምህሩ። ስንት የለፋሽበትን አላበላሽብሽም።»

ዱዋ እስከ ቤት አለቀሰች። እናቴ ምን እንዳስለቀሳት አልገባትም፤ በዚያው በሰው አፍ፣ አንድ አንድ ቃል እየፈለገች፣ አባበለቻት።