የማሙሽ ሽበት

የሌዘር ጨረር ጥቁር የሰሌዳ ድንጋይን ሲነካው ያነጣዋል። እንጨት ቢሆን የተቃጠለው ይጠቁራል፤ ድንጋይ ግን እልኸኛ ነውና ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ የሰው ፎቶ ከመቀረጹ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ቀራጭ ጉዱ ፈላ፤ ሙሽራዋ ጥርሷ ጠቁሮ፣ ፀጉሯ ነጥቶ ትወጣለች።

በዚሁ ሥራ የምትተዳደረው ቀራጯ ይህን ስህተት ከተወች ቆይታለች። የወንድሟ ፀጉር ነጭ ሆኖ ሲወጣ ታዲያ መጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ነበር።

ወንድሟ ማሙሽ ይባላል። ጢም አብቅሎም ማሙሽ ነበር፤ የቤት ስም እንደሆነ አይለቅም። ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ወሬ የለ፣ ሬሳ የለ። እናታቸው ከዚያ ወዲህ በር ቆልፋ ተኝታ አታውቅም፤ "ድንገት ቢመጣስ?" ትላለች። ቀራጯም ትዳር ሳትይዝ፣ አንድ ቦታ ሳትሄድ፣ ከእናቷ ጋር በር በር ስታይ ዕድሜዋ ነጎደ። በመጨረሻ ለምና፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ እናትየዋን እሺ አሰኘቻት፤ ለማሙሽ የመታሰቢያ ድንጋይ ይቀረጽለት፣ ወጉ ደርሶት ይለቀስለት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የፈለገችው ወንድሟን ማሰብ ሳይሆን መገላገል ነበር። ማን ይፈርድባታል?

ያን ቀን የሌዘር ማሽኑ ሲጨርስ ክዳኑን ከፍታ ትቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ማሙሽ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ አፈጠጠባት። "ምን ነካኝ እኔ" አለችና ድንጋዩን ከተበላሹት ጋር ልትጥለው ስትል እጇ ቆመ። ረስታ ቢሆን ኖሮ ፊቱም በጠቆረ፣ ዓይኑም በነጣ ነበር። ፊቱ ግን ደህና ነው፤ ዓይኑም ደህና ነው። ፀጉሩ ብቻ ሸብቷል። ግንባሩ ላይ ደግሞ ፎቶው ላይ የሌለ መስመር አለ።

ድንጋይ አይደል፣ ነጭ ጅማት ይኖረዋል ብላ ራሷን አጽናናች። ሌላ ንጹሕ ድንጋይ መርጣ፣ ከማሙሽ ጎን የአንዲት ደንበኛ ውሻ ፎቶ ጨምራ ሁለቱን በአንድ ላይ አስቀረጸች። ውሻው እስከ ጢሙ ድረስ ቁርጥ ራሱን ሆኖ ወጣ። ማሙሽ ግን ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ የሚወርድ ጠባሳ ይዞ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ውጭው በሰው ጫጫታ እየታመሰ፣ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው።

ልትደብቃቸው አስባ ነበር። እናትየዋ ግን ምሳ ይዛ ከተፍ አለች። ዓይኗ ደክሟል ይባላል እንጂ ለልጇ ሲሆን ጭልፊት ናት። ሁለቱንም ድንጋዮች ተራ በተራ አየች። ጠባሳውን በጣቷ እየዳሰሰች፣ "ማነው እንዲህ ያደረገብኝ?" አለች። ከዚያ ፊቷ ፈካ። "ሸበተ እኮ። አባቱም በጊዜ ነው የሸበተው። የሞተ ሰው ይሸብታል እንዴ?"

"እማዬ፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው።"

"ታዲያ ውሻው ለምን አልሸበተም?"



የመታሰቢያው ወሬ በዚያው ቀረ። እናትየዋ በየሳምንቱ እየመጣች፣ ወንበር ስባ ማሽኑ ፊት ትቀመጣለች። "እስቲ ዛሬ እንዴት ዋለ?" ትላለች፣ የጎረቤት ደህንነት እንደምትጠይቅ ሁሉ። ቀራጯም ያንኑ ፎቶ፣ ያንኑ ጎረምሳ ትከፍታለች፤ ድንጋዩ ላይ ግን ሁሌ ሌላ ሰው ነው የሚወጣው። አንድ ሳምንት ጢሙን አሳድጎ መጣ። አንድ ሳምንት ክስት ብሎ መጣ፤ ያን ቀን እናትየዋ እህል አልቀመሰችም። አንድ ሳምንት ደግሞ የፊት ጥርሱ ወልቆ እየሳቀ መጣ፤ እናትና ልጅም አብረውት ሳቁ፣ ከዚያ ድንግጥ ብለው ተያዩ።

ቀራጯ ነገሩን ፈራችው፣ ጠላችውም። ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሳምንቱ ይርቅባት ጀመር። ብቻዋን ስትሆን ድንጋዮቹን ግድግዳው ላይ ደርድራ ትወቅሰዋለች። "ለአንተ ብዬ ስንቱን አግቢኝ ባይ መለስኩ፣ አንተ ጉደኛ" ትለዋለች። ከሁሉ የከፋው፣ እየወቀሰችው ደስ ይላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ትቢያውን ስትጠርግ ማሙሽ ዓይኑን ጨፍኗል። ሽበቱ አለ፣ ጠባሳው አለ። አፉ በትንሹ ተከፍቷል።

ድንጋዩን ከእናቷ በጀርባዋ ከለለችው። "ተበላሸ እማዬ። እንደገና ላድርገው።"

ሌላ ድንጋይ አስገባች። ያው የተጨፈነ ዓይን። ሌላ ጨመረች፣ አሁንም ያው። ፎቶውን አየችው፤ እዚያ ላይ ዓይኑን በልጥጦ ይስቃል። የሌዘሩን ኃይል ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፤ ቁልፎቹን ሳተቻቸው። ለእናቷ የፈራች መስሏት ነበር፤ ለካ ለራሷ ነው። ይብቃን፣ እናልቅስና ይውጣልን ስትል የከረመችው ሴት፣ አሁን ክዳኑ ላይ ተደፍታ፣ "አንዴ ብቻ ማሙሽዬ፣ አንዴ ብቻ እየኝ" ትላለች።

እናትየዋ ከወንበሯ ተነሳች። የመጨረሻውን ድንጋይ አንስታ ብዙ አየችው። እናትየዋ ሽፋሽፍቱ ላይ የቀረውን ትቢያ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ጠረገችለት። ቀራጯ ማሽኑን ደግማ ልታስነሳ እጇን ስትሰድ እናትየዋ ያዘቻት።

"ተይው ልጄ" አለች በሹክሹክታ። "ያን ሁሉ ተንከራቶ ገና አሁን መተኛቱ ነው። አትቀስቅሺብኝ።"